የጠጠሩና የኮርቻው ነገር

ወሬዬ ብቻ ነው የሚሄደው? በይ እንግዲህ፣ እግሬም ሄደ። ጉና ድረስ ሄደ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ፤ ጫማዬ ተረከዙ አልቆ ደብረ ታቦር ላይ በመኪና ጎማ አስለጥፌዋለሁ። «አንተን ሂድ ሲሉህ የሚሄደው ወሬህ ነው፣ እግርህማ እዚሁ ነው» ብለሽኝ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ፣ በዚያው ቀረሽ። ሰው እንደዚያ ብሎ ይሞታል? መልሴን ሳትሰሚ? ሐሙሲት ገበያ ላይ ሦስት ነጋዴ ባንድ ጊዜ አፍ የማስይዝ ሰውዬ፣ ላንቺ የምመልሰው አጥቼ አልጋሽ ስር ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እታለም፣ ከተለያየን ይኸው ሰባት ወር ሞላን። ሰው ሁሉ ትርንጎ ነበር የሚልሽ። የጎረቤቱን አሮጊት ሁሉ አንቱ እያልን ያደግን ልጆች ላንቺ ሲሆን አንቺ ነበርን፣ የአምስት ዓመቱም አንቺ። እታለም የምልሽ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም ሰው ሲሰማ አልልም ነበር። አሁን ተነስቼ አንቱ ብልሽ ማንን ነው የሚጠራው ብለሽ ዞር ዞር ትያለሽ። ስለዚህ እንደለመድሽው ይሁን።

ይህን ደብዳቤ አልደብቀውም፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አነበዋለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ጽሑፌ ይነበባል፣ አስተማሪው ራሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እኔን ነበር የሚያስጽፈው። እና የሚሰማ ሰው እንዳይጠፋበት አንቺ የምታውቂውንም እናገራለሁ። አንቺ የቅድመ አያቴ የባላምባራስ እንግዳው የባሪያ ልጅ ነሽ። ይኸው አልኩት። ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል አይነሳም፣ «አብራን ያደገች» ነው የሚባለው። አብራን አደግሽ፣ አብረሽን ግን ማዕድ ቀርበሽ አታውቂም። ባላምባራስ ሲሞቱ፣ ጣሊያን ሳይገባ፣ ከበሬና ከጋን ጋር ለአያቴ ለእመት የውብዳር ደረስሽ። ኋላ ነፃ ናችሁ የሚል አዋጅ ወጣ። አዋጁን የሰማሽው ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ ነው። እንስራውን አወረድሽ፣ ሰማሽ፣ ሁለተኛውን ልትቀጂ ሄድሽ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፣ እየሳቅሽ። አባቴን አሳደግሽ፣ ከዚያ እኔን አሳደግሽ።

መሬት ሲደለደል ነው በስምሽ የሆነ ነገር ያገኘሽው። ጎጆሽ ያለችበትና ከስሯ ያለችው የገብስ እርሻ። የመሬቱን ደብተር በፌስታል ጠቅልለሽ ጣራው ስር ሻጥሽው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እያወረድሽ ታዪው ነበር። ልትሞቺ ሦስት ቀን ሲቀርሽ ጠራሽኝና «ጎጆዬም እርሻዬም ለካሴ ነው። ካሴ ከሌለ ለልጁ» አልሽኝ። ካሴ ወንድምሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አይተሽው የማታውቂው ወንድምሽ። ያንን ቃል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ያዥልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቤት ልንገርሽ። አባቴ በተቀበርሽ በሳምንቱ ጎጆሽ ውስጥ ጥጃ አሰረበት። ያቺ አንገቷ የተመለጠ ዶሮሽ ማንም ሳይነካት ጠፋች፣ ሸለመጥማጥ ነው አሉ፣ እኔ ግን አጎቴን ጌጡን ነው የምጠረጥረው። የመብራት ምሰሶ ተክለውልን ገመዱን ሳያመጡ ሄዱ፣ ምሰሶው አሁን የአህያ ማሰሪያ ሆኗል። የቀበሩሽ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከብሳናው ስር ነው። የኛ ሰዎች የሚቀበሩት ወደ ውስጥ ነው፣ አንቺ የት እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ። ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ ጥሩ ደርድሬዋለሁ፣ የሐምሌ ጎርፍም አላነቃነቀው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፣ ሳልፈራ። በግ ንግድ ከጀመርኩ አራት ዓመት ነው። በሳምንት አንዴ ጉና ስር ወጥቼ እገዛለሁ፣ ደብረ ታቦር አወርዳለሁ፣ አይሱዙ ላይ ጭኜ ባሕር ዳር እሰዳለሁ። ጥርሱን ሳልገልጥ የበግ ዕድሜ የምናገር እኔ ነኝ፣ ይህን ማንም ይመሰክርልኛል። ታዲያ በወጣሁ ቁጥር «ካሴን ጠይቅልኝ» ትይኛለሽ፣ ስመለስ ደሞ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ። እኔም «ጠየቅኩ እታለም፣ ያገሩን ሽማግሌ ሁሉ ጠየቅኩ፣ የሚያውቀው የለም» እልሻለሁ።

አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም።

አፈርኩ። እኔ የባላምባራስ እንግዳው የልጅ ልጅ ልጅ እያልኩ የምነግድ ሰው፣ ጉና ላይ ቆሜ የባሪያችን ወንድም የት ነው ብዬ ልጠይቅ? ደሞ ነገ እጠይቃለሁ፣ ሐሙስ እጠይቃለሁ እያልኩ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ዋሸሁሽ። አንቺም አውቀሽ ነበር መሰለኝ፣ ባታውቂ ኖሮ እንደዚያ ብለሽ ፊትሽን አታዞሪብኝም።

የፋሲካውን ቅርጫ ታስታውሻለሽ? በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ይደረደራል። እያንዳንዱ ባለ ድርሻ አንድ ነገር ያዋጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ዕጣውን ያስቀምጣል። «ትርንጎ፣ አንቺ አላየሽም፣ ነይ አስቀምጪልን» ይሉሻል። አንድ ቀን እሺ ብለሽ አታውቂም። እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ከተሽ ወደ ጓሮ ትሄጃለሽ። እኔ ደሞ ሰው ለማሳቅ «ትርንጎ ሥጋው ይነክሳታል» እያልኩ እጮህ ነበር። ሰውም ይስቅልኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገርሽኝ ድንች ስንቆፍር ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ይሆናል። ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ነጭ ጠጠር ወጣችና በመቆፈሪያዬ ገፋሁልሽ። እንደ እባብ ሸሸሻት። ከዚያ ተቀመጥሽና ነገርሽኝ። ባላምባራስ ሞተው ወራሾቹ ሁለት ናቸው፣ አያቴ የውብዳርና ጉና ስር ያገባው ወንድማቸው ጓንጉል። ውርሱን ሁለት መደብ አደረጉት። አንዱ መደብ ላይ በቅሎዋ፣ የመዳብ ሰታቴውና ካሴ። ሌላው መደብ ላይ ሁለቱ በሬዎች፣ ጋኑና አንቺ። ካሴ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንቺ ሰባት። ያላየ ሰው ጠፋ፣ ግቢው ሁሉ ሲያዋጡ አይቷል። አንቺ ከጓሮ ስትመጪ ጊዜ «ይህቺ አላየችም» አሉና ነጭ ጠጠርና ጭራሮ እጅሽ ላይ አደረጉልሽ። አንዱን አንዱ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ላይ አስቀምጪ አሉሽ።

ዕጣ መሆኑን አላወቅሽም። ስጦታ መሰለሽ። ጠጠሯ ታበራለች አልሽኝ፣ ከወንዝ የወጣች ናት። ጭራሮው ግን እሳት የሚነድበት ጭራሮ ነው። ደስ የምትለውን ለካሴ ይሁን ብለሽ ጠጠሯን ካሴ እግር ስር አስቀመጥሽ፣ ጭራሮውን ይዘሽ ወደ ራስሽ መደብ ሄድሽ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወዲያው «በይ ውሃ ቅጂ» ብለው ላኩሽ። ስትመለሺ ካሴ የለም። ጓንጉል ወደ ጉና ይዞት ሄዷል።

«በገዛ እጄ ሰጠሁት» አልሽኝ። «ጭራሮውን ብሰጠው ኖሮ እዚህ ይቀር ነበር።» ነፃ ከወጣሽ በኋላም ልትፈልጊው ተነስተሽ ወንዙ ድረስ ሄደሽ ተመለስሽ፣ «አንቺ አይደለሽ የላክሽኝ» ቢለኝስ ብለሽ። ሰባት ዓመትሽ ላይ የሠራሽውን ሰማንያ ዓመትሽ ላይ ስትከፍዪ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? «አይዞሽ እታለም፣ እኔ እያለሁ፣ ካሴን በጀርባዬ አዝዬ አመጣልሻለሁ» አልኩሽ። በጀርባዬ።

በይ አሁን ስሚኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት መስከረም ሲብት ነው። በግ አልገዛሁም፣ ዱላዬን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የጓንጉል ቤት የት ነበር ብዬ ጠየቅኩ፣ አንድ እረኛ በጣቱ አሳየኝ። ከጓንጉል ባሪያዎች የቀረ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ልጁ በዚያው ጣት ሌላ ቤት አሳየኝ። ያ ነው። አራት ዓመት የፈራሁት ነገር ይህን ያህል ነበር።

ቤቱ ከምሄድበት መንገድ ላይ ነው፣ እታለም። መንገድ ላይ ያወራ ሰው የሚሰማበት ቤት። ገብስ የምታሰጣ ሴት ወጣች፣ ወደ ሃምሳው የምትጠጋ፣ ግንባሯ ያንቺን ግንባር። አንጓች ካሴ እባላለሁ አለችኝ። ከዚያ አየችኝና «አንተ ያ ጯሂው ነጋዴ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ከኔ በላይ በግ የሚያውቅ ይምጣ እያልክ የምታልፈው? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድምፅህን ሲሰማ ያ አፈኛ መጣ፣ በጎቹን አስገቢያቸው፣ በምላሱ ይነዳቸዋል ይለኝ ነበር።»

ካሴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ በሕይወት ነበረ። ድምፄን ያውቀው ነበር። አንቺ በራችን ላይ ቆመሽ እኔን ስትጠብቂ፣ እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ እኔን ይሰድብ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁለታችሁም ትተያዩ ነበር። ይህን ለቄስም አልተናገርኩትም።

ከዚያ «አክስትሽ ትርንጎ ግንቦት ላይ አረፈች» አልኳት። አየችኝ፣ ሳቀች። «የትኛዋ ትርንጎ? የአባቴ እህትማ በልጅነቷ በፈንጣጣ ሞታለች። በየዓመቱ ሙት ዓመቷን እናወጣለን።»

እየሰማሽ ነው? ካሴ አዋጁ በወጣ ጊዜ ሊወስድሽ መጥቶ ነበር። እቤታችን በር ድረስ። አያቴ የውብዳር ብቅ አሉና «ትርንጎ በፈንጣጣ ሞተች፣ ቀበርናት» አሉት። አንቺ የት እንደነበርሽ እኔ እንጃ፣ ውሃ ላይ ይሆናል፣ መቼ ከውሃ ተለይተሽ ታውቂያለሽ። አልቅሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ የቆሎ ተማሪ ጠርቶ ያበላልሽ ነበር። አንቺ ከጥምቀት በፊት የትልቁን ቤት ኮርቻ በቅቤ ስታሺ፣ ወንድምሽ ሙት ዓመትሽን ያወጣ ነበር።

አንጓች አላመነችኝም። ማርያምን እያልኩ ማልኩላት፣ አላመነችኝም። ነጋዴ ምን ፈልጎ ነው የሞተች የሚቀሰቅስብኝ አለች። በመጨረሻ የጠጠሯን ነገር ነገርኳት፣ ነጯን ጠጠር፣ ስጦታ እንደመሰለሽ። ገብሱን ማሰጣት አቆመች። ያንን ከአባቷ በቀር ሰው አይናገረውም። ተቀመጠች። «አባቴ ሁሌ የሚለው ምን እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። «እህቴ ዕጣዬን አሳምራ ነበር ይል ነበር።»

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፣ ይህን ለመንገር ነው የጻፍኩት። ጠጠሯ የጓንጉል አልነበረችም። ጭራሮው ነው የጓንጉል። ጠጠሯ የአያቴ የየውብዳር ነበረች። አንቺ ውሃ ስትሄጂ ካሴ መደቡ ላይ እንደቆመ ነበር፣ ሁሉን አይቷል። የውብዳር ጠጠሯን «የኔ ናት» ብለው አነሱ። በዕጣው ካሴ ለዚህ ቤት ደርሶ ነበር፣ እታለም። ለጉና የደረስሽው አንቺ ነበርሽ። ያኔ ጓንጉል «እዚያ ብርድ ላይ ሴት ልጅ ምን ትሠራልኛለች፣ ወንዱን ስጪኝ፣ መደብ እንለዋወጥ» አለ። የውብዳርም «ወንዱማ ይበልጣል፣ ምን ትመርቅልኛለህ?» አሉ። ጓንጉል ዞሮ ከመጣበት በቅሎ ላይ ኮርቻውን ፈታ። «ይኸው ምራቂው» ብሎ ወረወረላቸው። በዚህ አለቀ። እንስራሽ ሳይሞላ አለቀ። ጓንጉል ኮርቻ በሌለው በቅሎ ተቀምጦ ሄደ፣ ካሴ በእግሩ ከኋላ ሮጠ።

እጅሽ አይደለም። እጅሽ ቢቆረጥ እንኳ ያው ነበር የሚሆነው። ጠጠሯን ብትሰጪው፣ ጭራሮውን ብትሰጪው፣ ሁለቱንም ወንዝ ብትጥያቸው፣ ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው የፈለጉትን ተለዋወጡ። አያቴ ይህን እያወቁ ስልሳ ዓመት ስትሸሺ አዩሽ። ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል «ትርንጎ፣ ይቅር በይኝ» ያሉሽን አስታውሳለሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አልጋቸው ስር ነበርኩ። አንቺ «ኧረ እመቴ ምን በድለውኝ» አልሽ። ይቅርታውን ወሰዱ፣ ወሬውን ሳይሰጡሽ ሄዱ።

ኮርቻውን ታውቂዋለሽ። ያ ትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ቀይ ቆዳው፣ ከፊት ለፊቱ የብር ጌጥ ያለው። የባላምባራስ ኮርቻ እያልን ያደግንበት። ለልጃገረዶች የማወራው፣ ሲደርሰኝ ነጭ ፈረስ እጭንበታለሁ የምለው። የባላምባራስ አልነበረም። የጓንጉል ነው፣ በካሴ ላይ የተመረቀ። አንቺ በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት አውርደሽ፣ በለጋ ቅቤ እያሸሽ፣ ሽፋኑን እየሰፋሽ፣ ሰባ ዓመት ያቆየሽው። ከአንጓች ቤት ስወርድ ይህን እያሰብኩ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ውሸት አይደለም፣ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። እበት እየዛቀ ነበር፣ ቀና አላለም። «የሞተ ሰው ነገር የሞተ ነው» አለኝ። «ደሞስ አንተ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?» ጎጆዋና እርሻዋ ለአንጓች ነው፣ ቃሏን ሰምቻለሁ አልኩት። እበቱን ጣለና «ባሪያ ምን ወራሽ አላት?» አለ። ካፉ አመለጠው። እሱም ደነገጠ፣ እንዳልኩሽ ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል አይነሳም።

ሁለተኛ የሄድኩት አንጓችን ልጠራ ነው። ቀበሌ አመለከትኩ፣ ቀን ተቆረጠልን። ሌሊት ተነስታ በእግሯ መጣች፣ ነጭ ለብሳ፣ ላንቺ ልቅሶ እንደምትደርስ ሰው። ሰብሳቢው ደብተርሽን ከፌስታሉ አውጥቶ ገለጠና «ትርንጎ እንግዳው» ብሎ አነበበ። መሬቱ ሲለካ የአባት ስም ሲሉሽ አባትሽን የት ታውቂዋለሽ፣ ጸሐፊው የጌታሽን ስም ጻፈልሽ። ጉና ላይ ደሞ ካሴን ያስጠጋው ሽማግሌ በራሱ ስም አስጻፈው፣ ካሴ አድማሱ ሆነ። እና ሰብሳቢው «እንግዳውና አድማሱ። እንዴት ነው ወንድምና እህት የሚሆኑት?» አለ።

አጎቴ ጌጡ ያኔ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ትርንጎ እንግዳው አክስታችን ናት፣ የባላምባራስ እንግዳው ልጅ፣ የእናታችን እህት» አለ። እንባ ሁሉ አስመሰለ። በሕይወትሽ አንድ ቀን አክስቴ ያላለሽ ሰው። እግሩን ስታጥቢው ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ የሚሰድብሽ ሰው። ሞተሽ ዘመድ አደረገሽ። ወረቀቱም ከሱ ጋር ነው፣ ወረቀቱ ላይ የባላምባራስ ልጅ ነሽ። እንደ ዕቃ ስትወረሺ ስም አልነበረሽም፣ ስም ሲሰጡሽ ደሞ በስሙ ሊወርሱሽ ነው።

«ምስክር አለ?» አለ ሰብሳቢው። እኔ አለሁ አልኩ። ቀበሌው ሳቀ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ይሄ ጅብ በጅራፍ ገርፌ አባረርኩ ያለው አይደለም?» አለ። ሌላው «ካፉ አንድ እውነት ከተገኘ ለቤተክርስቲያን እናስገባዋለን» አለ። ተናገርኩ፣ እታለም። ቃልሽን ተናገርኩ፣ ጠጠሯን፣ ኮርቻውን፣ የአያቴን ውሸት ተናገርኩ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ጥርት አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ባወራሁ ቁጥር ሳቃቸው ባሰ። ከጉና ሌላ ምስክር እንዳላመጣ ጠጠሯን ያዩ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል። ውሸቴን ሁሉ እየሳቁ ሲሰሙኝ ነው የኖሩት፣ እውነቷ ስትመጣ የሚያምነኝ ታጣ። መሬቱም ለአባቴና ለጌጡ ተፈረደ።

ስንወጣ አንጓች የአክስቴን ጎጆ አሳየኝ አለችኝ። ጥጃውን አስወጣሁላት። ውስጡን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ባዶ ነው፣ እንቅብሽንም ድስትሽንም ተከፋፍለውታል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የለሰንሽበት የእጅሽ ምልክት አለ አይደል፣ ከምድጃው በላይ፣ አምስቱም ጣትሽ። መዳፏን እላዩ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ። «እጇ ትንሽ ነው ይል ነበር አባቴ፣ ሲለያዩ ልጅ ስለነበረች» አለችኝና ወጣች። ሸኝቻት ስመለስ ምንም አላወራሁም፣ መንገደኛው ሁሉ ታመምክ ወይ አለኝ።

እሑድ ዕለት እርሻሽን አባቴና ጌጡ ተካፈሉት። በምን ይመስልሻል? በዕጣ። በገመድ ለክተው ከሁለት ከፈሉና ጌጡ የክብሪት እንጨት፣ አባቴ ጠጠር አመጡ። ያላየ ሰው ሲፈልጉ የወንድሜን ልጅ ሰብሊን ጠሯት። አምስት ዓመቷ ነው። እየሮጠች መጣች፣ የሚሰጧት ነገር መስሏት እጇን ዘርግታ። አንስቼ ታቀፍኳትና ይዣት ሄድኩ። ጌጡ ይሰድበኛል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ወንዙ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ስንመለስ ጨርሰዋል፣ በመንገድ የሚያልፍ ዲያቆን ጠርተው አስቀምጦላቸዋል። ጎጆሽ ለጌጡ ደረሰች፣ ሊያፈርሳት ነው። ያደረግኩልሽ ይህችን ብቻ ነው፣ የሰብሊ እጅ የለበትም። ሌላው ሁሉ ሆነ።

ማታውኑ አባቴ ኮርቻውን ከግድግዳው አውርዶ ደጅ ወረወረልኝ። «ይህን ያህል ካንገበገበህ ይዘኸው ጥፋ» አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ የፈለግኩት ኮርቻ እንደዚያ ሆኖ ደረሰኝ። በነጋታው በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ጉና ወጣሁ፣ ሦስተኛው ይህ ነው። ካሴን በጀርባዬ አመጣልሻለሁ ብዬ አልነበር? ይኸው የካሴን ምራቂ በጀርባዬ አወጣሁት። ከባድ ነው፣ ትከሻዬ ተላጠ። የሚያየኝ ሁሉ «በቅሎዋን የት ጣልካት?» ይለኛል።

አንጓች አየችው። ቀረብ አለችና አልነካችውም። «ይህ ነው አባቴን ያከለው?» አለችኝ። ከዚያ «ወደዚያ ውሰደው። አባቴን የለወጠ ነገር ደጄ አይቀመጥም» አለች። አልተቆጣችም፣ ለመንገድ ገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ የሞትሽበትን ቀን። በጥር የሚያወጡትን ሙት ዓመትሽን ወደ ግንቦት ልታዛውረው ነው። ግንቦት ሃያ ሦስት አልኳት። በጣቷ ቆጥራ ያዘችው። እኔም እመጣለሁ አልኳት፣ «ካየሁህ አምናለሁ» አለችኝ። አንቺን ትመስላለች አላልኩሽም?

እንግዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሃያ ሦስት እሷ ቤት ነኝ። ይህን ፎከረ ብለሽ አትዪኝ፣ እግሬ መንገዱን ለምዶታል። ቅርጫ ላይም ዕጣ አስቀምጥ ቢሉኝ እጄን ከትቼ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ፣ ለምን ብሎ ለጠየቀ ያንቺን ነገር ከጠጠሯ ጀምሬ እነግረዋለሁ። አያምኑኝም። ቢሆንም እነግራቸዋለሁ። ከኔ በቀር ስምሽን የሚያነሳ እዚህ አገር ማን አለ?

አሁን ያለሁት ደብረ ታቦር፣ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። ኮርቻው አልጋዬን ግማሹን ይዞብኛል። ጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀረው፣ በዚህ ጊዜ አንቺ አውርደሽ የምታሺበት ነው። ዘንድሮ ስላልታሸ ቆዳው ይሰነጠቅ ጀመረ፣ ስተኛ ሲንጣጣ እሰማዋለሁ። ቅቤ ገዛሁ፣ እጄን ላሳርፍበት ስል እምቢ አለኝ። ላቃጥለው ብዬ ክብሪት ያዝኩ፣ ያንቺ የሰባ ዓመት እጅ አለበት ብዬ ተውኩት። አንድ ነጋዴ ካንበሳሜ መጥቶ ልግዛው አለኝ፣ ዋጋ ሲጠራ ጆሮዬን ያዝኩ፣ ካሴ አንዴ ተሽጧል። ተቀባይ የለውም፣ ማስቀመጫም የለውም፣ እኔም እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፣ የማውቀው በግ ነው።

ልቀባው ወይስ ላንድደው? ያንቺ ነገር ነው፣ አንቺ ወስኚ። በሕልምም ነይ፣ እንደፈለግሽ ነይ፣ ፊትሽን ግን አታዙሪብኝ። ከጥምቀት በፊት መልሺልኝ። እንዳታቆዪኝ።